ከኳስ ሜዳው እስከ ጉና ራስ

የእግር ኳስ ጨዋታ የሚፈጀው ዘጠና ደቂቃ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ባሕር ዳር ላይ ቡድኑን ለማየት የሚሄድ ደጋፊ ግን በደብረ ማርቆስ በኩል 560 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ይደርሳል፤ ያንኑ ያህል ደግሞ ይመለሳል። ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ፣ የዓባይን በረሃ በእንቅልፍ አልፎ፣ ማታ ደክሞት ይገባል። በማግሥቱ ጨዋታው ሲያልቅ ማሊያውን እንደ ለበሰ ማደሪያውን ይይዛል፤ በነጋታው ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ለባልንጀሮቹ «ባሕር ዳርን አየሁ» ቢል፣ ያየው የሣር ሜዳና ከፊቱ የተቀመጡትን ሰዎች ጀርባ ነው።

ውድ አንባቢ፣ ይህ ጽሑፍ የተሰናዳው ለእንዲህ ያለው ደጋፊ ነው። ምክሩም አጭር ነው። የጨዋታው ቀን ሲታወቅ የዓመት ዕረፍትዎን ከእርሱ ጋር ያያይዙት። ፊሽካው ከተነፋ በኋላ ሌላው ሁሉ ወደ ደቡብ ሲመለስ፣ እርስዎ ወደ ምሥራቅ ይውጡ። በዚያ አቅጣጫ የጉና ተራራ፣ የጋይንት ደጋ፣ የስማዳ ቆላና የእስቴ አገር ይጠብቁዎታል።

ሐሳቡ በሌላው ዓለም የታወቀ ነው። በአሜሪካ የኮሌጅ ቡድኖች እነርሱ «እግር ኳስ» የሚሉትን፣ ኳሱ በአብዛኛው በእጅ የሚያዝበትን ጨዋታ በመኸር ወራት ቅዳሜ ቅዳሜ ይጫወታሉ። ቡድናቸው በሰው ሜዳ የሚጫወትበትን ቀን ጠብቀው ቤተሰባቸውን ይዘው የሚወጡ፣ ከጨዋታው በኋላም ጥቂት ቀን በተራራ ላይ የሚያርፉ ሰዎች ብዙ ናቸው። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ሜዳ ያለባት የቡልደር ከተማ ከሮኪ ተራሮች ሥር የተቀመጠች ስለ ሆነች ለዚህ ትመቻለች፤ በአጠገቧ በዴንቨር የሚኖሩ ወገኖቻችንም ይህን ያውቁታል። እኛስ ከዚያ የሚበልጥ ከፍታ እያለን ስለ ምን አንሞክረውም?

ኳሱ ባሕር ዳር ሲገባ

ሰፊው የባሕር ዳር ስታዲየም ትልልቅ ቀኖችን አይቷል። ሰኔ 7 ቀን 2007 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ሌሶቶን 2 ለ 1 ሲያሸንፍ ከየአቅጣጫው የመጣ ሕዝብ ሜዳውን ሞልቶት ነበር። ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ ኃያል ከሚባሉት አንዱ የኮትዲቯር ቡድን በዚሁ ሜዳ 2 ለ 1 ተሸንፎ ሄደ። መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ግን ደቡብ አፍሪካ 3 ለ 1 አሸነፈን። ከዚያ በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሜዳው መመዘኛውን አላሟላም ብሎ ስላገደው፣ ቡድናችን ጋናን የገጠመበት የሚቀጥለው የሜዳው ጨዋታ በጆሃንስበርግ ተደረገ።

ባሕር ዳር ግን ኳስ የምታየው ብሔራዊ ቡድን ሲመጣ ብቻ አይደለም። የከተማው ክለብ ባሕር ዳር ከነማ በ2011 ዓ.ም. ፕሪምየር ሊጉን ተቀላቅሏል፤ ጎረቤቱ ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ወስዷል። ሊጉ በተመረጡ ከተሞች በዙር መካሄድ በጀመረበት በዚያው ዓመት ባሕር ዳር ከአስተናጋጆቹ አንዷ ነበረች። ጨዋታ በአንድ ከተማ ተሰብስቦ ሲደረግ ለተጓዥ ይመቻል፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ብዙ ጨዋታ ይታያልና። ጉዳቱ ደግሞ መርሐ ግብሩ መለዋወጡ ነው። ስለዚህ ቀንዎን ከመቁረጥዎ በፊት ውድድሩ የት እንደሚደረግ አጣርተው ይወቁ።

ቀን አቆራረጥ

በዚህ ነገር የመጀመሪያው ደንብ ተራራውን ከጨዋታው በኋላ ማድረግ ነው። የጨዋታ ቀን ሊገፋ ይችላል፤ ተራራ ግን አይገፋም። ከጨዋታው በፊት ሆቴሉም መኪናውም ሙሉ ነው፤ በማግሥቱ ሁሉም ይለቃል። ቡድንዎ ያሸነፈ እንደ ሆነ ደስታዎን ይዘው ይወጣሉ፤ የተሸነፈም እንደ ሆነ በብርዱ መካከል አቀበት ሲወጡ ንዴቱ ይበርዳል።

ሁለተኛው ደንብ ወራቱን መምረጥ ነው። በክረምት ጉና በጉም ተሸፍኖ፣ መንገዱም ጭቃ ሆኖ ይከርማል። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ከሁሉ ይሻላል፤ መሬቱ ገና አረንጓዴ ነው፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ገብሱም ለአጨዳ ይደርሳል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲትም ይሆናል፤ ነገር ግን ሌሊቱ እጅግ ብርድ ነው።

ሦስተኛው ደንብ ጾሙንና በዓሉን ማስላት ነው። ለምሳሌ ያን የኅዳር 2012 ዓ.ም. ጨዋታ እንውሰድ። ዕለቱ ማክሰኞ ነበር። የጽጌ ጾም አልቋል፤ የነቢያት ጾም የሚገባው ኅዳር 15 ነው። በመካከሉ ረቡዕንና ዓርብን ብቻ የሚጾም ሰው ቀሪውን ቀን የፍስክ ምግብ ያገኛል። ዓርብ ኅዳር 12 ደግሞ የቅዱስ ሚካኤል በዓል ስለ ሆነ የገጠሩን ሕዝብ ነጭ ለብሶ ያገኘዋል። እንግዲህ ረቡዕ ወደ ደብረ ታቦር፣ ሐሙስ ወደ ጉና፣ ዓርብ ወደ ንፋስ መውጫና ጨጨሆ፣ ቅዳሜ ወደ ታች ጋይንት ወጥቶ፣ እሑድ ባሕር ዳር መመለስ ይቻል ነበር። አምስት ቀን መሆኑ ነው። የሚቀጥለው ጨዋታ በየትኛውም ወር ቢውል አቆጣጠሩ በዚሁ መንገድ ይሠራል።

ውሃውን ወደ ላይ መከተል

ጉዞው የሚጀምረው ከዓባይ ድልድይ ነው። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውና 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ ድልድይ ላይ ሲደርሱ ቁልቁል ይመልከቱ። ከጣና የሚወጣው ይህ ውሃ ከፊሉ እርስዎ ከሚሄዱበት ተራራ የመጣ ነው። ርብና ጉማራ የሚባሉት ሁለት ወንዞች ከጉና ተነሥተው፣ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ። ስለዚህ ወደ ጋይንት መሄድ ማለት ውሃውን ወደ ምንጩ መከተል ማለት ነው።

እስከ ወረታ ያለው መንገድ ሜዳ ነው። በግራ በቀኝ የሩዝ እርሻና የፎገራ ላሞች ይታያሉ። ከወረታ ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈው መንገድ በደርግ ዘመን ከቻይና በመጡ መሐንዲሶች እየተመራ እስከ ወልድያ የተሠራው ሲሆን፣ ሕዝቡ «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ጥቂት እንደ ሄዱ አውራ አምባ የምትባለው መንደር አለች። በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ መሪነት የተቋቋመችው ይህች መንደር ወንድና ሴት ሥራን ያለ ልዩነት የሚካፈሉባት ናት። ወንዱ ሲፈትል፣ ሴቷ ሸማ ስትሠራ ያያሉ። ለተራራው ብርድ የሚሆን ነገር ከሸማ ሥራቸው ቢገዙ ለሁለታችሁም ይበጃል።

ደብረ ታቦር ከባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ ከፍታዋ 2,700 ሜትር ግድም ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ስለ ሆነች ሰውነትዎ አንድ ሌሊት እዚህ ዐርፎ አየሩን ቢለምድ መልካም ነው። ከሰዓት በኋላውን በአቅራቢያዋ ወዳለው ጋፋት ይሂዱ። ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያኑን የእጅ ጥበብ ሰዎች አስቀምጠው መድፍ ያሠሩበት ስፍራ ነው። ሴባስቶፖል የተባለው 7 ቶን የሚያህል መድፍ ከዚህ ተነሥቶ ወደ መቅደላ የተጎተተው በ1860 ዓ.ም. ነው። ንጉሡ መንገዱን እያስጠረጉ፣ ገደሉን እያስፈለጡ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ድረስ ተጓዙ። እርስዎ ነገና ከነገ ወዲያ በመኪና የሚያልፉትን ደጋ እነርሱ በገመድና በትከሻ ነው ያለፉት። አሽከርካሪዎ ጠመዝማዛው መንገድ ላይ ቢዘገይ ይህን እያሰቡ ይታገሡት።

ጉና

ከደብረ ታቦር ወደ ንፋስ መውጫ ሲሄዱ ክምር ድንጋይ የምትባል ከተማ አለች። ጉና በዚህ በኩል ይወጣል። ራሱ ከ4,100 ሜትር በላይ ነው፤ በደቡብ ጎንደር ከእርሱ የሚበልጥ ተራራ የለም። አወጣጡ ረጅም ነው እንጂ አስቸጋሪ አይደለም፤ ገመድና ችንካር አይፈልግም። የሚፈልገው ማለዳ መነሣትን፣ መንገድ የሚያውቅ የአገሩን ሰውና ቀስ ብሎ መራመድን ነው። በመንገድ ላይ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመረዎ የከፍታው ነገር ነውና አይጀግኑ። መድኃኒቱ መውረድ ነው።

በመጀመሪያ የገብስና የድንች ማሳ፣ ከዚያ አስታ፣ ከዚያም ጓሳና ጅብራ ያያሉ። ጅብራ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ በውርጩ መካከል ሲቆም ላላየው ሰው እንግዳ ነገር ነው። ከላይ ሆነው ሲመለከቱ በምዕራብ የጣና አገር፣ በምሥራቅ የጋይንት ደጋ፣ በደቡብ ወደ ዓባይ የሚወርደው የእስቴ አገር ይዘረጋልዎታል። የርብ፣ የጉማራና የሌሎቹም ብዙ ወንዞች መነሻ ይኸው ነው።

ነገር ግን ሌላም ነገር ልብ ይበሉ። ማረሻው ምን ያህል ወደ ላይ እንደ ወጣ ይመልከቱ። መሬት የጠበበው ገበሬ ዳገቱን ያርሳል፤ የታረሰው ዳገት በክረምት ይታጠባል፤ የታጠበው አፈር በርብና በጉማራ ተጭኖ ፎገራ ሜዳ ላይና ጣና ውስጥ ይተኛል። ለዚህ ነው ጉና የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ተብሎ የተከለለው። ጓሳውን ያልታጨደበትን፣ አስታው ያልተቆረጠበትን ስፍራ አይተው ደግሞ የተራቆተውን ጎን ሲያዩ፣ ልዩነቱን ያለ አስተማሪ ያውቁታል። እንጨት ቆርጠው እሳት አያንድዱ፤ የበሉበትንም ፌስታልና የውሃ ፕላስቲክ ይዘው ይውረዱ።

ጋይንት፤ የነፋስና የዜማ አገር

የላይ ጋይንት ከተማ ንፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች፤ ስሟ ለምን እንደ ወጣላት ማታ ከሆቴሉ በር ላይ ሲቆሙ ይገባዎታል። ከዚህ ሸንተረር በሰሜን የሚወርደው ዝናብ ወደ ተከዜ፣ በደቡብ የሚወርደው ወደ በሽሎ ይሄዳል። ከከተማው ወደ ምሥራቅ ጥቂት ሲጓዙ ጨጨሆ ይደርሳሉ። መንገዱ የገደሉን ጠርዝ ይዞ የሚያልፍበት፣ የጥንቱ በጌምድር በር የነበረ ስፍራ ነው። መኪናውን አስቁመው በእግርዎ ትንሽ ይሂዱ። ጊዜ ያለው ሰው በዚሁ መንገድ ወደ ጋሸና አልፎ ከዚያ 64 ኪሎ ሜትር ሄዶ ላሊበላ ይገባል።

ጋይንት ግን በመልክዓ ምድሩ ብቻ የሚጎበኝ አገር አይደለም። የድጓ ማስመስከሪያ የሆነው ቤተልሔም ያለው በዚሁ አገር ነው። የዝማሬና የመዋሥዕት መምህራን የሚወጡበት ዙር አምባም እዚሁ ነው። ከዘመናዊ ኮሌጅ አስቀድሞ የአገራችን ኮሌጆች እነዚህ ነበሩ። ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ ከትግራይ፣ ከጎጃም፣ ከሸዋ እየመጣ፣ ለዓመታት በቆሎ ትምህርት ቤት ተቀምጦ፣ በመጨረሻ በመምህሩ ፊት ያስመሰክር ነበር፤ ዛሬም የሚያስመሰክር አለ። ጎጆዎቹን ሲያልፉ የሚሰማዎት ዜማ ለጎብኚ የተሰናዳ አይደለም፤ ትምህርት ነውና ድምፅዎን ዝቅ አድርገው ይለፉ።

በቤተልሔም ሌላም የሚያስደንቅ ነገር አለ። ከውጭ ሲያዩት ክብ የሆነ ተራ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1955 ቶማስ ፓኬናም የተባለ ወጣት የአየርላንድ ተጓዥ ወደ ውስጥ ሲገባ፣ በክቡ ቤት ውስጥ ሌላ ጥንታዊ፣ በተጠረበ ድንጋይ የታነጸ ባለ አራት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን አገኘ። ይህንንም በ1959 ባሳተመው መጽሐፉ ለዓለም አስታወቀ። ለመምህራኑና ለተማሪዎቻቸው ግን አዲስ ነገር አልነበረም፤ ዘወትር የሚቀድሱበት ቤት ነውና።

ወደ ታች ጋይንት ከተማ ወደ ዓርብ ገበያ የሚወርድ ሰው፣ ስሙ ራሱ እንደሚነግረው፣ ጉዞውን ከዓርብ ጋር ቢያገጣጥም የአገሩን ገበያ ያያል።

ስማዳና እስቴ

ከታች ጋይንት ወዲያ ስማዳ ነው፤ ከተማው ወገዳ ይባላል። እዚህ ደጋው እየተቆረጠ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ይወርዳል። በሽሎ ከወሎ፣ ዓባይ ከጎጃም ይለየዋል። ጠዋት በጋቢ የተጠቀለለ ሰው ቀትር ላይ ሸሚዙን የሚያወልቅበት አገር ነው። መንገዱ አስቸጋሪ ስለ ሆነ በሁለት ቀን ደርሶ መልስ ለማለት አይሞክሩ። ስማዳን የሚፈልግ ሰው ለስማዳ ብቻ አንድ ሳምንት ይስጥ።

እስቴ ደግሞ ከደብረ ታቦር ወደ ደቡብ ነው፤ ከተማው መካነ ኢየሱስ ይባላል። የራሱ የድጓ ዜማ ስልት ያለው ቆማ ፋሲለደስ የሚገኘው በዚህ አገር ነው። ከእስቴ ተከፍሎ ወረዳ በሆነው በአንዳቤት በኩል ወደ ዓባይ የሚወርድ ሰው ሰባራ ድልድይን ያገኛል። በፋሲለደስ ዘመን የተሠራው ይህ የድንጋይ ድልድይ በጣልያን ወረራ ጊዜ የጠላት ጦር እንዳያልፍበት መካከሉ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት የሞጣና የአንዳቤት ሕዝብ ለገበያም ለሠርግም ለሐኪምም ሲሻገር፣ በወዲያና በወዲህ በቆሙ ጎበዛዝት በገመድ ይጎተት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ ተቋራጭ ፎቶግራፉን በመጽሔት ላይ አይቶ መጣ፤ በማግሥቱ ዓመት ሰባራው በብረት ተገጠመ። ጎርፍ ያንን ስለ ወሰደው በ2009 ከዚያ ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ ድልድይ ተሠራ። አንድ ፎቶግራፍ ድልድይ ሊያሠራ ከቻለ፣ አገር አይቶ የሚመለስ ሰው ብዙ ሊያደርግ ይችላል።

አስቀድሞ የሚጠየቀው ጥያቄ

አሁን ዝም ብለን የማናልፈው ነገር አለ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ንፋስ መውጫ ደርሶ ነበር። የጉና ግርጌ የጦር ሜዳ ሆነ፤ ከሕዝቡ የሞተ፣ የተደፈረ፣ የተዘረፈ፣ ቤቱን ጥሎ የተሰደደ ብዙ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው የትጥቅ ግጭት ምክንያት መንገድ የተዘጋበት፣ ተጓዥ የታገተበት፣ ገበያ የተፈታበት ቀን ታይቷል።

ስለዚህ ከቲኬቱ በፊት መንገዱን ይጠይቁ። የሚጠይቁትም አንድ ሰው ብቻ አይሁን። የደብረ ታቦርን የዞን ባህልና ቱሪዝም ሠራተኞች፣ በዚያ መስመር የሚነዱ ሾፌሮችን፣ በአገሩ የሚኖር ዘመድ ወይም ወዳጅ ካለዎት እርሱን ይጠይቁ። ከሦስቱ አንዱ «ቆይ» ካለዎ ይቆዩ። ዕቅዱ አይበላሽም፤ ለሌላ ወር ይቀመጣል።

ይህን ስንል ዕቅዱ ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። የአንድ አገር ሰላም ከሚታወቅባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። አንድ ሰው ማሊያውን ለብሶ፣ የሌላውን ከተማ ቡድን ሊገጥም ሄዶ፣ ተሸንፎም አሸንፎም ከባላጋራው ደጋፊ ጋር ቡና ጠጥቶ፣ በማግሥቱ ያለ ሥጋት ተራራ ሊወጣ ሲችል ያ አገር ሰላም ነው። የጋይንት ባለ ሆቴል፣ የክምር ድንጋይ ባለ በቅሎ፣ የዓርብ ገበያ ድንች ሻጭ የሚጠብቁት ያን ቀን ነው። የእርስዎ ሁለት ሌሊት ማደር ለእነርሱ የልጅ ደብተርና የክረምት ዘር ነው።

ምን ይያዙ?

ወፍራም ጋቢ ወይም ጃኬት፣ የረገጠ ጫማ፣ ባርኔጣ፣ የእጅ ባትሪ፣ ውሃና የራስ ምታት መድኃኒት ይያዙ። ዝርዝር ገንዘብም አይርሱ፤ በገጠር ባንክ ሩቅ ነው። አዛውንት ሲያገኙ ቀድመው «እንደምን ዋሉ አባባ፣ እንደምን ዋሉ እማማ» ይበሉ፤ ፎቶግራፍ ከዚያ በኋላ ነው፣ ያውም ሲፈቀድ። መሸብዎ ቤት ቢያስገቡዎት አይደነቁ፤ በዚህ አገር የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነው። ጠላውንና የገብስ እንጀራውን በደስታ ይቀበሉ። ነገር ግን ደግነታቸውን እንደ ሆቴል አይቁጠሩት፤ ሲሄዱ ለልጆቹ ደብተር፣ ለእናቲቱ ቡና ወይም ስኳር ትተው ይሂዱ።

እንግዲህ የሚቀጥለው መርሐ ግብር ሲወጣ የቡድንዎን ስም ከፈለጉ በኋላ ጋዜጣውን አይጠፉት። ጨዋታው በየትኛው ቀን እንደሚውል፣ ጾም መቼ እንደሚገባ፣ ከፈቃድዎ ስንት ቀን እንደ ቀረዎ በዳር ላይ ይጻፉ። ከዚያም ስልክ አንሥተው ስለ ደብረ ታቦር መንገድ ይጠይቁ።